«ኖሮ» ስለምትባለው ቃል፤ ከእንጦጦ ጀርባ የተጻፈ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሆነው በዚህ መጽሔት ውስጥ አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ሆነው ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደ ተከፈተ፣ በስንት ክፍልና በስንት ተማሪ እንደ ጀመረ፣ ማን እንዳስተማረና ማን እንደ ተማረ ጓደኞቻችን ጽፈውታል። እኛ ግን ሳይሆን ስለ ቀረ ነገር ለመጻፍ ተነሥተናል። ይህ ለአንባቢ እንግዳ መስሎ ቢታይ አንደነቅም፤ ለራሳችንም እንግዳ ነበርና።

ነገሩ የተነሣው በክፍል ውስጥ ነው። የታሪክ መምህራችን አዲስ አበባ ከተቈረቈረችበት ስፍራ ሳትነቃነቅ የቀረችበትን ምክንያት በጠየቁን ጊዜ አንድ ጓደኛችን ብድግ ብሎ፣ «ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ዋና ከተማችን ዛሬ አዲስ ዓለም በሆነች ነበር፤ የእኛም ሱሉልታ የከተማ ጎረቤት መሆኗ ቀርቶ የከብት መስክ ብቻ ሆና በቀረች ነበር» ሲል መለሰ። መምህራችንም ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ በታሪክ ውስጥ ‹ኖሮ› የሚባል ነገር የለም፤ የሆነውን ንገረኝ» አሉት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የገቡት የፊዚክስ መምህራችን ደግሞ ገና ጠመኔያቸውን ሲያነሡ፣ «አየር ባይኖር ኖሮ ላባና ድንጋይ እኩል መሬት በደረሱ ነበር» ብለው ጀመሩ። ክፍሉ በሣቅ ሞላ። የሣቃችንን ምክንያት በነገርናቸው ጊዜ፣ «እኔ ‹ኖሮ›ን ከተከለከልሁማ የሚቀረኝ ጠመኔው ብቻ ነው» ብለው እርሳቸውም ሣቁ።

ከሁለቱ መምህሮቻችን እውነቱ በማን በኩል እንደ ሆነ ለማወቅ ያነበብነውንና እርስ በርሳችን የተከራከርንበትን እነሆ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ከቋንቋችን እንነሣ። «ቢዘንብ እንዘራለን» የሚል ገበሬ ዓይኑን ወደ ሰማይ አቅንቶ የሚጠባበቅ ሰው ነው፤ ዝናሙ ይምጣ አይምጣ ገና አልታወቀም። «ዘንቦ ቢሆን ኖሮ በዘራን ነበር» የሚል ግን ዝናሙ እንዳልመጣ ያወቀ፣ ወራቱም ያለፈበት ሰው ነው። «ኖሮ» ነገሩ ካለፈ በኋላ የምትነገር ቃል ናት፤ በየቤታችንም ብዙ ጊዜ የምትሰማው ከቁጭት ጋራ ነው። የሳይንስ ሰዎችና መሐንዲሶች በዚህች ቃል የሚሠሩት ሥራ ግን ሌላ ነው። «ይህ እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ብለው የሌለውን ነገር በሐሳባቸው ያቆሙና፣ ከዚያ የሚከተለውን በቁጥር ይሰፍራሉ፤ ሊደረግ የሚችል ሆኖ ያገኙት እንደ ሆነ «ኖሮ»ን ጥለው «እንግዲያ ቢደረግስ?» ይላሉ። ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። እንጦጦ በደጃችን ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ተነሥተው፣ በሌላም ስፍራ ከከተሙ በኋላ በእንጦጦ ራስ ላይ እንደ ሰፈሩ፣ በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ፍል ውሃው ወርዶ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው እንደ ሰየሙት፣ ንጉሡም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ እንደ ጫኑ ማንም ተማሪ ያውቀዋል። እምብዛም የማይነገረው የእንጨቱ ነገር ነው። ንጉሥ ባለበት ስፍራ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ እንጀራ ጋጋሪው፣ ጠጅ ጣዩ ሁሉ ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ ሰው ለቤቱ ምሰሶና ማገር፣ ለግቢው አጥር፣ ከሁሉም በላይ ለምድጃው እንጨት ይፈልጋል። ጥዱና ወይራው እየተቈረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራራው ተራቈተ፤ እንጨት ቈራጩም የሚሄድበት መንገድ ከዓመት ወደ ዓመት እየረዘመ ሄደ።

በቀድሞው ዘመን የዚህ ችግር መድኀኒት ቀላል ነበር። እንጨት ሲያልቅ ከተማው ይነሣል። ምኒልክም በዚሁ ልማድ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ደን በቀረበበት አገር፣ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። ቤተ መንግሥት ታነጸ፤ ስሙም ቢሆን የሐሳባቸውን ትልቅነት የሚያሳይ ነው። ሆኖም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሐሳቡ ተለወጠ፤ የታነጸው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባ ባለችበት ቀረች።

ባሕር ዛፍ የመጣው ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። በማምጣቱ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ሞንዶን ቪዳዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። የዛፉ አገር ታዝማኒያና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራልያ ሲሆን፣ የእኛ ሰዎች ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይተው ባሕር ዛፍ አሉት። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቈርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም። ንጉሡ ችግኙን በርካሽ እንዲዳረስ፣ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን እንዳደረጉ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንድናስተውል ይፈቀድልን። በዚያን ጊዜ የነበረ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ «የሚቀጥለው ደን የት ነው?» የሚል ነበር። ከተማ ወደ ደን እንደሚሄድ እንጂ ደን ወደ ከተማ ሊመጣ እንደሚችል ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። ጥያቄውን ገልብጦ፣ «ደኑ እዚሁ ቢበቅል ኖሮ መሄድ ባላስፈለገ ነበር፤ እንግዲያ ቢተከልስ?» ያለ ሰው ግን ጥቂት ዘር ብቻ ይዞ የአንድ መንግሥት ከተማ የሚቈምበትን ስፍራ በሚመለከት ክርክር ውስጥ ገባ። ዛፉን ከሚያደንቁት ሰዎች አብዛኛዎቹ የሚያደንቁት እድገቱን ነው፤ እኛን ይበልጥ ያስደነቀን የጥያቄው መገልበጥ ነው።

አሁን የጓደኛችንን አነጋገር እንመርምር። ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ በእርግጥ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ይሄድ ነበርን? ይህን ለመመዘን አንዲቱን ነገር ብቻ ማንሣት፣ የቀረውን ሁሉ እንዳለ መተው ያስፈልጋል። ባሕር ዛፉን ከታሪኩ አንሥተን ስናየው ሌላው ሁሉ በቦታው አለ። ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች በአዲስ አበባ መሬት ተሰጥቷቸው መሥራት ጀምረዋል፤ የድንጋይ ቤት ደግሞ እንደ ድንኳን ተነቅሎ አይጫንም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደርሷል፤ ወደ አዲስ አበባም የገባው ገና በ1909 ዓ.ም. ቢሆን መድረሻው ቀደም ብሎ የታሰበ ነው። ከሁሉም ይልቅ ያከራከረን የዘመኑ አቈጣጠር ነበር። ዘሩ የመጣው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከሆነ፣ ንጉሡ አዲስ ዓለምን ማሠራት በጀመሩ ጊዜ ባሕር ዛፉ ገና የጥቂት ዓመት ተክል ነው። ከተማውን ያቆመው በዚያን ጊዜ የነበረው እንጨት ሊሆን አይችልም፤ ሊሆን የሚችለው ወደ ፊት ይኖራል ተብሎ የታመነው እንጨት ነው።

ስለዚህ ጓደኛችን ግማሽ ትክክል ነው። በእኛ ፍርድ ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባ ወዲያው ባልተነሣች ነበር፤ ድንጋዩና ሐዲዱ ያቆዩአት ነበር። ነገር ግን እንጨቷን በውድ ዋጋ ከሩቅ እያስመጣች፣ እንደ ዛሬው ሳትሰፋ በቀረች ነበር ብለን እንገምታለን። መምህራችን «ኖሮ የለም» ያሉትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልኩ ያልታወቀ «ኖሮ» ሰውን ወደ ተረት ይወስደዋል። ቢሆንም «ባሕር ዛፉ ምክንያት ነበር» የሚለው የታሪክ ዐረፍተ ነገር ራሱ ሲገለጥ «እርሱ ባይኖር ኖሮ ሌላ ነገር በሆነ ነበር» ማለት ነው። ቃሉን ባንናገረውም ውስጡ ተቀምጧል።

ልኩ ያልታወቀ «ኖሮ» ምን እንደሚመስል ለማየት አሁንም እንጦጦ ላይ እንቁም። በዚህ ተራራ ጀርባ ላይ የሚወርድ ዝናም ለሁለት ይከፈላል። ወደ ደቡብ የወረደው በአዲስ አበባ ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባና በአፋር በረሃ ባሕር ሳያይ ይቀራል። ወደ ሰሜን፣ ወደ እኛ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የወረደው ግን ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ወደ ሱዳንና ወደ ግብጽ ይሄዳል። ሁለት ጠብታዎች አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ወርደው መጨረሻቸው ይህን ያህል ይለያያል።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ማለት በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ በህንድ የፖርቱጋል ገዢ የነበረው አልፎንሶ ደ አልቡኬርኬ ዓባይን ወደ ቀይ ባሕር አዙሮ ግብጽን በውሃ ጥም ለማዳከም አስቦ ነበር። በዓለት ውስጥ የውሃ ቦይ መቅደድ የለመዱ ሠራተኞች ከማዴይራ ደሴት እንዲላኩለትም ንጉሡን ጠይቋል። በእርሱ ሐሳብ ሥራው አንዲት ትንሽ ኮረብታ እንደ መሰንጠቅ ያለ ነበር። ወደ ጎጃም የተጓዘ ማናቸውም የዚህ መጽሔት አንባቢ ከጎሐ ጽዮን በታች ያለውን የዓባይን በረሃ አይቶታል፤ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ወርዶ ነው ድልድዩ ላይ የሚደርሰው። በዚያ ገደል ውስጥ የሚሄደውን ወንዝ ደጋውን አሻግሮ ወደ ቀይ ባሕር ማፍሰስ እንደማይቻል ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ አንድ ጊዜ ወርዶ መውጣት ይበቃል። አልቡኬርኬ ሐሳብ አልጐደለውም፤ የጐደለው የመሬቱ ልክ ነው። እርሱ በ1515 (እ.ኤ.አ.) ሞተ፤ ሐሳቡም አብሮት ቀረ።

ከእርሱ ጋራ ልናስተያየው የምንወደው ስለ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚነገር አንድ ነገር ነው። ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታ እንዳለው ሁሉም ያውቃል። ከእርሱ ራቅ ብሎ ግን 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ 50 ሜትር ያህል ከፍ የሚል ሌላ የድንጋይ ግድብ አለ። የተሠራው ውሃ ባልነበረበት ደረቅ መሬት ላይ ነው። በዚያ ስፍራ ወንዝ ስለሌለ ግድቡ ለምን እንዳስፈለገ አላዋቂ ሊጠይቅ ይችላል። መሐንዲሶቹ ግን አንዲት ጠብታ ሳይጠራቀም፣ «ሐይቁ እስከዚህ ቢሞላ ኖሮ ውሃው በየት በኩል ያመልጥ ነበር?» ብለው ካርታውን ተከትለው ሄደዋል፤ መሬቱ ዝቅ ያለበትን አግኝተው አስቀድመው ዘግተውታል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው ይህ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው የክረምት ጎርፍም በሙገር በኩል እዚያው ሐይቅ ውስጥ ይገባል።

እግረ መንገዳችንን እናንሣውና፣ አልቡኬርኬ በትልቁ ያለመውን በትንሹ የሚመስል እቅድ በእኛው ሰፈር አለ። ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውሃ ከእንጦጦ በስተ ሰሜን ከሚወርዱት ከሲቢሉና ከገርቢ ወንዞች ለመሳብ ለብዙ ዓመታት ሲጠና ኖሯል። ይህ የዓባይን ገባር ውሃ በተራራው አሻግሮ ወደ አዋሽ ወገን መውሰድ ነው። ይቻላል፤ ልኩ ተወስዷልና። ለእኛ ለታችኞቹ ምን ይቀርልናል የሚለው ጥያቄ ግን የመሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ የሱሉልታ ወላጆችም ሊቈጥሩት የሚገባ ነው።

ወደ ፊዚክስ እንመለስ። ኒውተን ከሞተ በኋላ በ1728 (እ.ኤ.አ.) በታተመ መጽሐፉ ውስጥ የአንድ ረጅም ተራራ ሥዕል ይገኛል፤ ከተራራው ራስ ላይ መድፍ በአግድም ይተኰሳል፤ አየር እንደሌለም ይታሰባል። እኛም መድፉን አምጥተን እንጦጦ ላይ አቆምነው፤ አፉንም ወደ ሰሜን፣ ወደ ራሳችን መንደር መለስነው። ተራራው ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የእኛ ሜዳ ከእርሱ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከዚህ ከፍታ የሚወድቅ ነገር 11 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ጥይቱ በሰከንድ 500 ሜትር ቢሄድ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ርቆ ሜዳው ላይ ይወድቃል፤ በሰከንድ 1,000 ሜትር ቢሄድ 11 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ምድርን እንደ ምጣድ ዝርግ አድርገን ነው የቈጠርነው።

ባሩዱ ሲጨመር ግን የምድር ክብነት ይመጣል። ጥይቱ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ማዶ እየራቀ ሲሄድ መሬቱ ራሱ ከሥሩ እያጐነበሰ ይሸሸዋል። ፍጥነቱ በሰከንድ 7,900 ሜትር ገደማ ሲደርስ ጥይቱ በወደቀ ቍጥር መሬቱም በዚያው ልክ ዝቅ ስለሚል፣ ሁልጊዜ እየወደቀ ሁልጊዜ ሳይደርስ ይቀራል። ሰሜንን ዞሮ፣ ደቡብን ዞሮ፣ ከ84 ደቂቃ በኋላ በተኳሹ ጀርባ በኩል ይመጣል። ተኳሹ ጐንበስ ቢል ይሻለዋል ብለን ስንሥቅ ከመካከላችን አንዱ አስቈመን። ምድር በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ስለምትዞር፣ በ84 ደቂቃ ውስጥ እንጦጦ 21 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ሄዷል። ስለዚህ ጥይቱ የሚመለሰው በእኛ ላይ ሳይሆን በደቡብ ቻድ ላይ ነው። ካርታ አውጥተን አየነው፤ እውነቱን ነው።

ኒውተን እንዲህ ያለ መድፍ እንዲሠራ አላዘዘም፤ ሊሠራም እንደማይችል ያውቃል። የፈለገው ጨረቃን የያዛት ኀይልና ድንጋይን የሚጥለው ኀይል አንድ መሆኑን ለማሳየት ነበር። «ኖሮ»ው ከ200 ዓመት በላይ «ኖሮ» ሆኖ ቈየ። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሩሲያውያን ስፑትኒክን በሮኬት ባመጠቁ ጊዜ ግን የተሰላው ነገር ተደረገ። የእኛም አገር 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አመጠቀች። ያቺ ሳተላይት እንደ መድፋችን ጥይት ከዋልታ ወደ ዋልታ የምትዞር ነበረች፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትሄድ አንድ ዙር 97 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባት ነበር። መልእክቷን የሚቀበለው ጣቢያ የተተከለው የት ነው ቢሉ፣ እኛ መድፉን ባቆምንበት በእንጦጦ ላይ ነው። ይህን ያገኘነው ስሌቱን ከጨረስን በኋላ ስለሆነ ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ሱሉልታም የራሷ ድርሻ አላት። ሳተላይት ከምድር እየራቀ በሄደ መጠን ዙሩን ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል፤ ከምድር ወገብ በላይ 35,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ልክ አንድ ቀን ይሆናል። ምድርም በአንድ ቀን ስለምትዞር፣ ከታች ሆኖ ለሚያየው ሰው ሳተላይቱ እንደ ተቸነከረ በአንድ ስፍራ ይቆማል። በጥቅምት 1945 (እ.ኤ.አ.) አርተር ክላርክ የሚባል የ27 ዓመት እንግሊዛዊ፣ በአየር ኀይል ውስጥ የራዳር መኰንን የነበረ፣ በአንድ የሬዲዮ መጽሔት ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ጣቢያዎች በዚያ ከፍታ ቢቆሙ ለዓለም ሁሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሊያዳርሱ እንደሚችሉ ከነስሌቱ ጻፈ። በዚያን ጊዜ ከሰማይ በላይ የወጣ ምንም ሳተላይት አልነበረም። የነበረው በጦርነቱ ከተሞችን ያፈረሰው የጀርመን ሮኬት ነው፤ ክላርክ ግን «ይህ ሮኬት ከዚህ ይበልጥ ቢጠነክር ኖሮ» ብሎ ተነሣ።

ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነገሩ ሆነ። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ሲንኮም 3 የተባለው ሳተላይት በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ቆሞ የቶኪዮን ኦሊምፒክ ወደ አሜሪካ አስተላለፈ። ይህ ያ አበበ ቢቂላ በማራቶን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ነው። የአገሩ ሰዎች ግን የእርሱን ድል በቴሌቪዥን ለማየት አልታደሉም፤ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው ከጨዋታው በኋላ፣ በዚያው ዓመት በኅዳር (እ.ኤ.አ.) ነው። ከሰማይ የሚመጣውን የሚቀበልም አንቴና በአገራችን አልነበረም። ያ አንቴና የተተከለው በ1979 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ የተተከለውም እዚሁ በሱሉልታ ነው። አንዱ ወደ ህንድ ውቅያኖስ፣ አንዱ ወደ አትላንቲክ በኩል ወደ ቆሙት ሳተላይቶች ይመለከት ነበር። እንዲህ ያለ ጣቢያ ከከተማ የሬዲዮ ሁካታ መጠለል ይሻል፤ በእኛና በአዲስ አበባ መካከል ደግሞ እንጦጦ እንደ ግድግዳ ቆሟል።

ወላጆቻችን በዚያን ጊዜ ወደ ውጭ አገር ስልክ ሲደውሉ «ሃሎ» ብለው ጥቂት ዝም ይሉ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ድምፁ ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ ሲወርድ 72,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ መልሱም እንደገና ሩብ ሰከንድ። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ሁለቱም እኩል ይናገሩና እኩል ዝም ይላሉ። ዛሬ አብዛኛው የባሕር ማዶ ጥሪ ብርሃን በሚያስተላልፍ ገመድ ስለሚሄድ ያ መዘግየት እምብዛም አይሰማም።

ክላርክ ግን አንድ ነገር ስቷል፤ እኛም ይህን ሳንጽፍ ማለፍ አልፈለግንም። ጣቢያዎቹ ሰው የሚኖርባቸው እንደሚሆኑ አስቦ ነበር፤ የዘመኑ የሬዲዮ አምፑል ቶሎ ይቃጠል ስለ ነበር የሚለውጠው ሰው እዚያው መኖር አለበት ማለት ነው። ጽሑፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በታኅሣሥ 1947 (እ.ኤ.አ.) ትራንዚስተር በአሜሪካ ተፈለሰፈ፤ ሰው አላስፈለገም። ክላርክ ሩቅ የነበረውን ሮኬት አስቦ ደረሰበት፤ በእጁ የነበረውን አምፑል ግን እንደማይለወጥ አድርጎ ተወው። «የቀረውን ሁሉ እንዳለ መተው» ብለን ከላይ የጻፍነው ደንብ ያለ አደጋ አይደለም ማለት ነው። እንዳለ የተተወው ነገር ራሱ ሊለወጥ ይችላል።

ይህን ጽሑፍ ጽፈን ከጨረስን በኋላ ከመካከላችን አንዷ ለአያቷ አነበበችላቸው። አያቷ በሱሉልታ ሜዳ ተወልደው ያደጉ፣ በወጣትነታቸው የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው በእንጦጦ አድርገው አዲስ አበባ ያወርዱ የነበሩ ሴት ናቸው። የመድፉን ነገር ሲሰሙ ዝም አሉ። የባሕር ዛፉን ነገር ሲሰሙ ግን፣ «እናንተ ስለ ንጉሡ ከተማ ተጨነቃችሁ እንጂ ስለ ምድጃው አልጠየቃችሁም» አሏት። «ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ ኩበት እናነድ ነበር። ኩበቱን ከከተማ መጥተው ይገዙን ነበር። ኩበቱ ሁሉ ካለቀ መሬቱ በምን ያፈራ ነበር? ጀርባዬ ይመስክር፤ ዛፉን አልወደውም፤ ምንጩንም አድርቆብናል። ግን ኩበቱን ያተረፈልን እርሱ ነው።»

ስለ ምንጩ የተናገሩት የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በ1913 (እ.ኤ.አ.) ባሕር ዛፍ ውሃ ያደርቃል ተብሎ ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ታዝዞ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ብዙም ሳይፈጸም ቀረ። የኩበቱን ነገር ግን ከእኛ መካከል ማንም አላሰበውም ነበር። አንዲቱን ነገር አንሥተን የቀረውን በትክክል የቈጠርን መስሎን፣ ከሜዳችን ላይ ያለውን ከብት ረስተነው ነበርና።

ንግግራቸውን በጽሑፉ ውስጥ ጨምረን ለታሪክ መምህራችን ሰጠን። እርሳቸውም አንብበው፣ ስለ አዲስ ዓለም በተጻፈው አንቀጽ ዳር በቀይ እስክሪፕቶ «ጥድ ተተክሎ ቢሆን ኖሮስ?» የሚል ጽፈውበት መለሱልን። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገር ይደርሳል፤ ጥድ ግን የሰው ዕድሜ እኩሌታ ይፈጃል። ያን ጊዜ የነበረው ሕዝብ ስንት ሸክም በሳምንት ያነድ እንደ ነበር፣ ለዚያም ስንት ጋሻ መሬት ጥድ ያስፈልግ እንደ ነበር ለማስላት ወረቀት ይዘን ተቀምጠናል።